ስሙ ከጠጋኞች እጅ የማይለየው ሊቅ፦ የጌዮርግ ሲሞን ኦም ሕይወት

ላስታ ልኬትን የሚያውቅ ምድር ነው። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ጠቢባን ከአንድ ወጥ ዓለት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጣራውን አስቀድመው ወለሉን አስከትለው ፈልፍለዋቸዋል። ድንጋይ ደርድሮ የሚያንጽ ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይደግማል፤ ዓለት የሚፈለፍል ግን አንድ ጊዜ የፈለጠውን መልሶ አይተክለውም። ስለዚህ ከመሮው በፊት ልኬቱ ይቀድማል። ልኬቱ ከዋሸ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይኾናል።

ዛሬ በዚያው ምድር ሌላ ዓይነት ልኬት ገብቷል። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ባሉ መንደሮች የሶላር መብራት ከጣራ ላይ ይታያል። የተበላሸ ሬዲዮ፣ የደከመ ባትሪ፣ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ በቅዳሜ ገበያ ወደ ከተማ ይወርዳል። ከጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ቀይና ጥቁር ሽቦ የተሰካበት፣ በመኻሉ መዞሪያ ያለው ትንሽ ዕቃ አይጠፋም። መልቲሜትር ይባላል፤ ብዙዎች የሚያውቁት ቴስተር በሚለው ስሙ ነው። አሁን አሁን ኤሌክትሮኒክስን ለፍላጎት የሚማሩ ወጣቶችም ከሁሉ አስቀድመው ሊገዙት የሚያስቡት ይኽንኑ መሣሪያ ነው።

በመዞሪያው ዙሪያ ከተጻፉት ምልክቶች አንዱ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። የግሪኮች የመጨረሻ ፊደል፣ ኦሜጋ ነው። ከምልክቱ ጀርባ ግን የአንድ ሰው ስም አለ። ያ ሰው የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበር። በማይታመን መሣሪያ ለክቶ ተሳስቷል፤ መሣሪያውን ለውጦ እውነትን አግኝቷል፤ ስለ እውነቱም ከሥራው ወጥቶ ዓመታትን በችግር አሳልፏል። ጌዮርግ ሲሞን ኦም ይባላል።

ኦም የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 16 ቀን 1789 በዛሬዋ ጀርመን በኤርላንገን ከተማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ ዮሐን ቮልፍጋንግ ኦም በእጁ ብረት እየቀጠቀጠና እየሞረደ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ቁልፍ ሠሪ ነበር። እናቱ ማሪያ ኤልሳቤት ቤክ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ከተወለዱላቸው ሰባት ልጆች አራቱን ሞት በልጅነታቸው ወሰዳቸው፤ የተረፉት ጌዮርግ፣ ወንድሙ ማርቲንና እህታቸው ብቻ ነበሩ። ጌዮርግ 10 ዓመት ሲኾነው እናቱም ዐረፈች።

አባትየው መደበኛ ትምህርት ያላገኘ ሰው ነው። ነገር ግን መጽሐፍ እየገዛ፣ ሌሊት እያነበበ፣ ራሱን አስተምሮ ነበር። ሞረዱን ሲያስቀምጥ ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን አስቀምጦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ፍልስፍና ያስተምራቸዋል። ከተማው ያሉት ትምህርት ቤቶች ያልሰጧቸውን ቁልፍ ሠሪው አባታቸው ሰጣቸው። አንድ የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ መምህር ታዳጊውን ጌዮርግን ፈትኖ ባየው ጊዜ፣ በዚያ ዘመን በሒሳብ ሊቅነታቸው ስማቸው ከገነነው ከቤርኑሊ ቤተሰብ ልጆች ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሶ ነበር። ማርቲንም ኋላ በበርሊን የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ኾኗል።

ጌዮርግ ከአባቱ የወረሰው እውቀት ብቻ አይደለም። ብረት መቁረጥን፣ መሞረድን፣ አቻችሎ መግጠምን ከልጅነቱ ዐይቷል። የቁልፍ ሥራ የፀጉር ያህል ስሕተት አይታገሥም፤ ጥርሱ በጥቂቱ ከዛነፈ መዝጊያው አይከፈትም። ይኽ የእጅ ልምድ ከዓመታት በኋላ ለዓለም የሚተርፍ ሥራ ይሠራል።

በ16 ዓመቱ ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ወጣቱ ልቡ ወደ ጨዋታ አደላ። ጭፈራው፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቱ፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛው ከትምህርቱ በለጡበት። አባት ያላገኘውን ዕድል ልጁ ሲያባክን ባየ ጊዜ ተቆጣ። በ1806 ልጁን ከዩኒቨርሲቲ አስወጥቶ ወደ ስዊዘርላንድ ላከው፤ ጌዮርግም ገና በ17 ዓመቱ በአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ኾኖ እንጀራውን መብላት ጀመረ። ቁጣው ለበጎ ኾነ። ኦም እያስተማረ የታላላቅ ሒሳብ ሊቃውንትን መጻሕፍት በግሉ አጠና፤ በ1811 ወደ ኤርላንገን ተመልሶም በዚያው ዓመት የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ።

ሕልሙ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ነበር። ጥቂት ጊዜ አስተምሮም ነበር፤ ነገር ግን ክፍያው ጉሮሮ የሚደፍን አልነበረም። በ1813 በባምበርግ ከተማ ወደሚገኝ አነስተኛ ትምህርት ቤት ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ኦም በዚያ ዝቅታ ውስጥ ኾኖ የጂኦሜትሪ መማሪያ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉን ለፕሩሲያው ንጉሥ ላከ፤ ይኸው ሥራው ተወድዶለት በ1817 በኮሎኝ ከተማ በሚገኝ ስመ ጥር ትምህርት ቤት የሒሳብና የፊዚክስ መምህርነት ተሰጠው።

የኮሎኙ ትምህርት ቤት ለዘመኑ ጥሩ የኾነ የሙከራ ክፍል ነበረው። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የማግኔትን መርፌ እንደሚያዛባ ባሳወቀ ጊዜ ሊቃውንቱ ሁሉ ወደዚያ ዞሩ። ኦምም ከማስተማር በተረፈው ሰዓት በሙከራ ክፍሉ ተቀመጠ። የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ መጠኑን የሚወስነው ምንድን ነው? ሽቦው ሲረዝም ምን ይኾናል? ሲወፍርስ? ከመዳብ ወደ ሌላ ማዕድን ሲለወጥስ?

በ1825 የመጀመሪያ ውጤቱን አሳተመ። ውጤቱ ስሕተት ነበር።

የስሕተቱ ምንጭ የሒሳብ ችሎታው አልነበረም፤ መሣሪያው ነበር። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ምንጭ ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ይፋ ያደረገው ባትሪ ነው። ያ ባትሪ እንደተገናኘ ብርቱ ይኾናል፤ ወዲያው ይደክማል፤ ሲያርፍ ደግሞ ይነቃል። ኦም አንድ ሽቦ ለክቶ ወደ ሁለተኛው ሲሸጋገር ምንጩ ተለውጦ ይጠብቀዋል። የሚለካው የሽቦውን ጠባይ ብቻ መስሎታል፤ ባትሪው ግን የራሱን ድካም በልኬቱ ውስጥ እየቀላቀለ ያወናብደዋል። ከእንዲህ ካለው ቁጥር ያወጣው ቀመርም እንደ ምንጩ የተዛባ ኾነ።

ከዚህ ላይ የኦም ታላቅነት ይጀምራል። ያሳተመውን ይዞ አልተከራከረም፤ መሣሪያውን መረመረ። የዘመኑ የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ ፖገንዶርፍ አንድ ምክር ሰጠው። ባትሪውን ተወውና ሙቀትን ተጠቀም አለው። ዜቤክ የተባለ ተመራማሪ በ1821 ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ደርሶበት ነበርና።

ኦም ምክሩን ተቀበለ። መዳብንና ቢስመዝ የተባለውን ማዕድን ገጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አደረገ። ከዚህ የሚወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው፤ ግን አይዋዥቅም። ውኃው እስከፈላ፣ በረዶውም ቀልጦ እስካላለቀ ድረስ ምንጩ ጠዋትም ማታም ያው ነው። እንደ አባቱ በእጁ እየሠራም መለኪያውን አሰናዳ፤ የማግኔት መርፌን በቀጭን ጥብጣብ አንጠልጥሎ ጥብጣቡን በማጠማዘዝ የኤሌክትሪኩን ብርታት የሚለካበት መሣሪያ ነበር። ውፍረታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው ልዩ ልዩ የኾኑ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን አንድ በአንድ ለካ። በ1826 የተገኙት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ቀላል ሕግ ተሰለፉ።

ይኽን ሙከራ በላሊበላ አድርጎት ቢኾን ኖሮ ውኃው በ100 ዲግሪ ሳይኾን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላበት ነበር፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና። ሕጉ ግን ያው ይኾን ነበር። ለኦም ያስፈለገው ብርቱ ምንጭ ወይም ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው የማይለዋወጥ፣ የሚታመን መነሻ ነው።

የኦምን ሕግ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ በቦይ ይወርዳል። ከፍታው ሲጨምር ግፊቱ ይበረታል፤ ይኽ ቮልት ነው። በቦዩ የሚያልፈው የውኃ መጠን ደግሞ አምፔር ነው። ቦዩ ሲጠብብ፣ ሲረዝም ወይም ደለል ሲሞላው ውኃው ይቀንሳል፤ ይኽ ቦዩ ለውኃው የሚያሳየው ተቃውሞ ባለሙያዎች ሬዚስታንስ የሚሉት ሲኾን መለኪያው ኦም ነው። ኦም ያገኘው ሦስቱ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ መኾናቸውን ነው። ግፊቱ በተቃውሞው ሲካፈል የሚያልፈውን መጠን ይሰጣል። የ12 ቮልት ባትሪ 6 ኦም ተቃውሞ ካለው አምፖል ጋር ቢገናኝ 2 አምፔር ያልፋል። ከሦስቱ ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውን ሳይለካ ያውቀዋል።

ኦም ይኽን ግኝት ይዞ የዕድሜ ልክ ሕልሙን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርነትን፣ ሊያገኝ ተስፋ አደረገ። በ1826 በግማሽ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ወንድሙ ወዳለበት ወደ በርሊን ሄደ። በ1827 ሐሳቡን በሒሳብ አብራርቶ በመጽሐፍ አሳተመ። ፈረንሳዊው ፉርየ የሙቀትን ፍሰት በሒሳብ እንዳስረዳ፣ ኦምም የኤሌክትሪክን ፍሰት በሒሳብ አስረዳ።

መጽሐፉን የጠበቀው ግን ጭብጨባ አልነበረም። በዘመኑ በጀርመን ብዙ ሊቃውንት ተፈጥሮን በሒሳብ ቀመር ማሰርን እንደ ጥበብ አይቆጥሩትም ነበር። አንዳንዶቹ መጽሐፉን ከተጨባጩ ዓለም የራቀ ቅዠት አድርገው ነቀፉት፤ የሚበዙት ደግሞ በዝምታ አለፉት። ከሹማምንቱም የጠበቀውን ድጋፍ አላገኘም። በ1828 ኦም ከኮሎኙ ሥራው ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት በበርሊን ትምህርት ቤቶች በጥቂት ክፍያ እያስተማረ ኖረ። ኤሌክትሪክን የሚመራውን ሕግ ያገኘው ሰው፣ ዕድሜው 40ን ሊሻገር ሲል ቋሚ ሥራ አልነበረውም። ትዳርም አልመሠረተም።

ፈተናውን ያለፈው ግን ልኬቱ ስለማይዋሽ ነው። በላይፕሲግ ፌክነር የተባለ ሊቅ፣ በሩሲያ ደግሞ ሌንዝ በየራሳቸው ሙከራ የኦምን ሕግ መረመሩ፤ ሕጉም ጸና። በ1833 ኦም በኑረንበርግ ፖሊቴክኒክ መምህርነት አገኘ። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ከፍተኛ ሽልማቱን፣ የኮፕሊ ሜዳሊያን፣ ሸለመው፤ በቀጣዩ ዓመትም በውጭ አገር አባልነት ተቀበለው። ኋላም ባቫሪያ ልጇን አስታወሰች፤ በ1845 የሳይንስ አካዳሚዋ ሙሉ አባል ኾነ፤ በ1849 ወደ ሙኒክ ተጠራ። በ1852፣ ዶክትሬቱን ከተቀበለ ከ41 ዓመታት በኋላ፣ ሲመኘው የኖረውን የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር በሙኒክ አገኘ። ዕድሜው 63 ነበር።

ከወንበሩ ላይ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1854 በ65 ዓመቱ በሙኒክ ዐረፈ፤ በዚያውም ተቀበረ። በኢትዮጵያ ደጃዝማች ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሊጭኑ የቀራቸው ሰባት ወር ነበር። ኦም ያወቀው ኤሌክትሪክ ገና ቤት የሚያበራ አልኾነም ነበር፤ ሕጉ ግን ለሚመጣው ዘመን ተዘጋጅቶ ቆየ።

ዘመኑም መጣ። የቴሌግራፍ ሽቦ አገር ከአገር ሲያገናኝ፣ ከባሕር ሥር ሲዘረጋ፣ የተበጠሰበትን ቦታ ቆፍሮ ከመፈለግ ይልቅ ተቃውሞውን ለክቶ ርቀቱን ማስላት ተቻለ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡት የኤሌክትሪክ ሊቃውንት መለኪያዎቹን በስም ሰየሙ። ግፊቱ በጣሊያናዊው ቮልታ፣ መጠኑ በፈረንሳዊው አምፔር፣ ተቃውሞው በጀርመናዊው ኦም ተጠራ። በአንድ ወቅት መጽሐፉ የተነቀፈበት ሰው ስሙ የዓለም ቋንቋ ኾነ።

ሦስቱን መለኪያዎች በአንድ ዕቃ የሰበሰበው ደግሞ ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ነው። የስልክ መስመር የሚጠግን ሰው ለእያንዳንዱ ልኬት ሌላ ሌላ መሣሪያ ይሸከም ነበር። ማካዲ አምፔርን፣ ቮልትንና ኦምን በአንድ ሳጥን የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ በ1923 ለገበያ ቀረበ፤ ስሙም ከሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት ተውጣጥቶ አቮሜትር ተባለ። ዛሬ በጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ያለው ቴስተር የዚያ ዝርያ ነው።

የኦም ሕይወት ለቴስተር ገዢ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ከብዙ ነገር ለኪ ይልቅ የማይዋሽ ለኪ ይመረጥ። በገበያ ላይ ብዙ ምልክት የተደረደረባቸው፣ ሁሉን እንለካለን የሚሉ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። የባትሪና የሶላር ቮልት የሚለካበት አለ፤ ምልክቱ ቀጥ ያለ መስመር ኾኖ ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር አለው። የቤት መብራት ቮልት የሚለካበት አለ፤ ምልክቱ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ መስመር ነው። ከዚያም የኦም ልኬት፣ ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን በድምፅ የሚናገረው ክፍልና መጠነኛ አምፔር መለኪያ ካሉት ለሬዲዮ፣ ለሶላርና ለትምህርት ይበቃል።

የሚገዛው ሰው ከሱቁ ሳይወጣ መሣሪያውን ሊፈትን ይችላል። መዞሪያውን ወደ ኦም አድርጎ ቀዩንና ጥቁሩን ጫፍ ማገናኘት ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወርዶ መርጋት አለበት፤ ከዜሮ በጥቂት ነጥብ ቢበልጥ የሽቦዎቹ የራሳቸው ተቃውሞ ስለኾነ ነውር የለውም። የሚዘል፣ የሚዋዥቅ፣ ሽቦው ሲነካ የሚለዋወጥ ከኾነ ግን ይቅር። ቀጥሎ አዲስ የባትሪ ድንጋይ መለካት ነው። 1 ነጥብ 5 ቮልት ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ ማሳየት ይኖርበታል፤ ደጋግመው ሲለኩትም ያንኑ መልስ መስጠት አለበት። ኦም ከባትሪው ያጣውና ከሚፈላው ውኃ ያገኘው ይኽንኑ ጽናት ነበር።

የቤት መብራት ለመንካት የሚያስብ ደግሞ ከጽናት በላይ ደኅንነትን ይጠይቅ። የኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ይገድላል። መሣሪያው ቢያንስ እስከ 600 ቮልት የሚችል፣ የደኅንነት ደረጃው ካት 2 ወይም ካት 3 ተብሎ የተጻፈበት፣ በውስጡ ፊውዝ ያለው፣ የሽቦዎቹ ልባስ ያልተሰነጠቀ ሊኾን ይገባል። እጅግ ርካሽ በኾኑት ላይ የተጻፈው ደረጃ ሁልጊዜ እውነት አይኾንም። ስለዚህ እንዲህ ባለው መሣሪያ የሶላርና የባትሪ ድንጋይ ሥራን መማር ይቻላል፤ የግድግዳ መብራትን ግን ለባለሙያና ለታመነ መሣሪያ መተው ይሻላል።

አጠቃቀሙም እንደ ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። መሣሪያው ኦምን ሲለካ በውስጡ ካለው ባትሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደሚለካው ዕቃ ይልካል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ በኦም ልኬት መንካት አይገባም፤ ቁጥሩ ይዋሻል፣ መሣሪያውም ሊቃጠል ይችላል። ቀዩን ሽቦ በአምፔር ቀዳዳ ሰክቶ ባትሪን ወይም የግድግዳ መብራትን በቀጥታ መንካት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአምፔር መንገድ ተቃውሞው ከምንም የማይቆጠር በመኾኑ ኤሌክትሪኩ እንደተደረመሰ ግድብ ይጎርፍበታል። ይኽም ያው የኦም ሕግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ሊታወስ ይገባል። የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ሲደክም በመስታወቱ ላይ ትንሽ የባትሪ ምልክት ይታያል። ምልክቱን ችላ ብሎ የሚለካ ሰው ከእውነት የራቀ ቁጥር ያነባል። ኦም በ1825 የወደቀበት ጉድጓድ ይኽ ነበር፤ የደከመ ባትሪ የልኬቱን እውነት ሲያዛባ ሳያውቅ ቀረ። 200 ዓመታት ሊሞሉት በተቃረበ ወይም ባለፈ ጊዜም ጉድጓዱ ከቦታው አልተነሣም፤ ያየው ሰው ግን ይሻገረዋል።

የተሳሳተ ልኬት ዋጋ አለው። ከላስታ ደጋ የሶላር ባትሪውን በአህያ ጭኖ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ባትሪው ሞቷል ከተባለ አዲስ ለመግዛት በግ ወይም እህል ይሸጣል። ሙሉ ኾኖ ያረፈ የ12 ቮልት የሊድ ባትሪ 12 ነጥብ 6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ሊያልቅ መቃረቡ ነው። ጠጋኙ በሚታመን ቴስተር ለክቶ ባትሪው ደኅና፣ የተበላሸው ግን ዝገት የበላው መጋጠሚያ መኾኑን ቢያገኝ፣ የገበሬው በግ በበረቱ ታድራለች። መጋጠሚያውን በአሸዋ ወረቀት ጠርጎ መልሶ ማሰር በቂ ይኾናል። ዝገቱ በቦዩ ውስጥ እንዳለ ደለል ነው፤ ባትሪው ሙሉ ኾኖ ሳለ ኤሌክትሪኩን አላሳልፍ ብሎ ቤቱን ያጨልማል።

የቁልፍ ሠሪው ልጅ ሀብት አላፈራም፤ ልጅም አልተካም። የተመኘውን ወንበር ያገኘው ፀሐዩ ሊጠልቅ ሲል ነው። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ቤት፣ ድምፁ በተቆረጠ ሬዲዮ፣ በየገበያው ጥግ በተቀመጠ ጠጋኝ እጅ ስሙ በየቀኑ ይነሣል። መዞሪያው ወደ ፈረስ ኮቴው ምልክት በዞረ ቁጥር፣ ስሕተቱን አምኖ መሣሪያውን የለወጠ አንድ መምህር ይታወሳል። የላስታ ጠቢባን ዓለቱን ከመፈልፈላቸው በፊት እንደለኩ፣ ኦምም ሕጉን ከማጽናቱ በፊት መለኪያውን ራሱን ለካ።